ሰንፔር ሰማያዊ ብቻ አይደለም

ሰንፔር የሚለው ስም ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘፀአት በሊቀ ካህናቱ በአሮን ደረት ላይ ከሚደረደሩት ዐሥራ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ የዮሐንስ ራእይም የአዲሲቱን ኢየሩሳሌም የቅጥር መሠረቶች ሲዘረዝር ከኢያሰጲድ ቀጥሎ በሁለተኛው ቦታ ያኖረዋል። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ ሰው ስሙን በቃሉ ያውቀዋል። ዛሬ ግን ከኮሌጅ የወጣው ወጣት «ሳፋየር» ማለትን ይመርጣል። ከጥንት ጀምሮ በመጻሕፍታችን የኖረውን ስም ትቶ ሌላ መዋስ ለምን እንዳስፈለገ አልገባንም።

ስሙ የጸና ቢሆንም የስሙ ባለቤት ግን ተለውጧል። የጥንት ጸሐፊዎች ሰንፔር ብለው የገለጹት ድንጋይ በወርቅ ነጠብጣብ የተረጨ የሚመስል ነበር፤ ይህም ዛሬ ላፒስ ላዙሊ የምንለው ከአፍጋኒስታን ተራሮች ይመጣ የነበረው ሰማያዊ ድንጋይ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። አሁን ሰንፔር የሚባለው ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ሰማያዊ መሆንም ግዴታው አይደለም፤ ብጫ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ሮዝ፣ ብርቱካንማ፣ እንደ ውሃ የጠራ ነጭም ይገኛል።

ይህን ጉዳይ ለደብረ ታቦር ተማሪዎችና በየወረዳው ለተመደቡ ወጣት ሠራተኞች ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። በ2008 ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ፣ በጋይንትና በጋሸና በኩል በሚደረስበት በደላንታ፣ በወገል ጤና አጠገብ፣ ኦፓል ተገኝቶ ወሎን በዓለም ገበያ አስጠራ። በ2016 መጨረሻና በ2017 መጀመሪያ ደግሞ በትግራይ፣ ከአክሱም በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው በጭላ አካባቢ የተቈፈረው ሰንፔር ገበያ ወጣ። በዚያው ጊዜ ገደማ በጉጂ፣ በሻኪሶ አካባቢ የተገኘው መረግድ ስም አወጣ። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማበት አገር ሁሉ ገበሬው ያገኘውን የሚያብለጨልጭ ድንጋይ በጨርቅ ቋጥሮ ወደ ተማረው ልጅ መምጣቱ አይቀርም። የተማረው ልጅ «ይህ ጠርሙስ ነው» ወይም «ይህ ሀብት ነው» የሚለው አንድ ቃል በሬ የሚያሸጥ፣ አለዚያም እውነተኛውን ንብረት በርካሽ የሚያስጥል ቃል ነው።

በመሠረቱ ሰንፔር ምንድን ነው? አሉሚንየም ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ፣ ኮረንደም የተባለ ማዕድን ነው። ድስት የሚሠራበት አሉሚንየምና በንግሥታት ዘውድ ላይ የሚቀመጠው ሰንፔር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ቢባል ለማመን ያስቸግራል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። በጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ሲሆን ኮረንደም 9 ነው፤ ኳርትዝ 7 ላይ ይቀራል።

ፍጹም ንጹሕ የሆነ ኮረንደም ቀለም የለውም። ቀለም የሚሰጠው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ባዕድ ነገር ነው። ጥቂት ክሮምየም ሲገባበት ሮዝ ይሆናል፤ ክሮምየሙ ሲበዛ ይቀላና ስሙም ተለውጦ ሩቢ ይባላል። ሮዝ ሰንፔር የሚያበቃው፣ ሩቢም የሚጀምረው የት ላይ እንደ ሆነ ነጋዴዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ክርክሩ የቃላት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ሩቢ የተባለው ዋጋው ከፍ ይላልና ሻጭ ወደ ቀዩ፣ ገዢ ወደ ሮዙ ይጐትታል። ሰማያዊው የሚመጣው ብረትና ቲታንየም ጐን ለጐን ሲገኙ ነው፤ ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል የብርሃኑን ቀይና ብጫ ክፍል ይውጠዋል፤ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው የተረፈው ሰማያዊ ነው። ብረት ብቻውን ሲሆን ወደ ብጫና ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሰማያዊው ምክንያትና ክሮምየም ሲገናኙ ደግሞ ሐምራዊ ይወለዳል።

ከሰማያዊው በቀር ያሉት ቀለማት በንግድ ቋንቋ አንድ ላይ «ባለ ልዩ ቀለም ሰንፔር» ተብለው ይመደባሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚከበረው ፓድፓራድሻ የሚባለው፣ ሮዝና ብርቱካን በአንድነት የተዋሐዱበት ነው። ስሙ ከሲሎን፣ ዛሬ ስሪ ላንካ ከምትባለው ደሴት የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ከሎተስ አበባ ቀለም የተወሰደ ነው። አንዳንዱ ሰንፔር በቀን ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ማታ በመብራት ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። አንዳንዱም በውስጡ እንደ መርፌ የቀጠኑ የሩቲል ክሮች ተሰድረውበት፣ በክብ ሲወለወል ባለ ስድስት ጨረር ኮከብ ያሳያል። ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ብጫ የሆነም አለ፤ ይህ ዓይነቱ በአውስትራሊያ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። ከደብረ ታቦር ሆኖ ጉናን የሚመለከት ሰው ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የእሳተ ገሞራ ተራራ ያያል። ሥር ያለው የባዛልት ንጣፍ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው፤ ጉና ራሱ በላዩ ላይ የተነሣው ከ10 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ነው። በትግራይ የተገኘው ሰንፔር፣ እንዲሁም የታይላንድ የቻንታቡሪ፣ የካምቦዲያ የፓይሊንና የአውስትራሊያ ሰንፔር ሁሉ ከባዛልት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ጥቁር ድንጋይ ያየ ሁሉ ሰንፔርን ተስፋ ማድረጉ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ሰንፔር በባዛልት ውስጥ አይወለድም። እርሱ በጥልቅ ምድር ሌላ ቦታ ከተፈጠረ በኋላ ቀልጦ የሚወጣው ድንጋይ እንደ መንገደኛ ጭኖ ያመጣዋል። ተሸካሚ የሚሆነውም ባዛልት ሁሉ ሳይሆን፣ ከጥልቅ ተነሥቶ በፍጥነት የሚወጣው አልካሊ ባዛልት የተባለው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ፈጣን ተሸካሚ በአካባቢያችን ጨርሶ የጠፋ አይደለም፤ በአገው ምድር በእንጅባራ አጠገብ ከእሳተ ገሞራ የወጡት ድንጋዮች አረንጓዴ ኦሊቪን የሞላባቸውን የጥልቅ ምድር ቍራጮች ይዘው ወጥተዋል። ይሁን እንጂ ፋርጣም ሆነ ጋይንት በሰንፔር ስም አልታወቁም። በእንዲህ ያለው አገር በባዛልት ጕድጓዶች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ኳርትዝና ኬልቄዶን ነው። መፈለግ የፈቀደ ሰው ገደሉን ከሚፈነቅል ይልቅ የወንዙን ጠጠር ቢያጥብ ይሻላል፤ ባዛልቱ በዘመናት ብዛት አፈር ሲሆን ሰንፔር አይበሰብስምና፣ ክብደቱም ከጠጠሩ በታች ያስቀምጠዋልና።

በዚሁ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዜል አጠገብ ከክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች አስቀምጠው፣ በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያስቀለጡባት ስፍራ ናት። የእሳትን ኀይል አሸንፎ የውጭ አገር ሀብትን በገዛ አገር ለመሥራት የነበረው ጕጕት ምን ያህል እንደ ነበረ ጋፋት ትመሰክራለች። በዚያው ዘመን በፓሪስ ደግሞ ሌሎች ሰዎች የከበረ ድንጋይን ከእሳት ለማውጣት ይደክሙ ነበር። ፍሬሚ የተባለው የኬሚ ሊቅ በ1877 ትንንሽ የሩቢ ቅንጣቶችን ማግኘቱን አስታወቀ። ሥራውን ለፍጻሜ ያደረሰው ግን ተማሪው አውጉስት ቬርኔይ ነው። ቬርኔይ የአሠራሩን ምሥጢር አስቀድሞ ጽፎና አሽጎ ለሳይንስ አካዳሚ በአደራ ከሰጠ በኋላ፣ በ1902 ለዓለም ገለጠው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። እጅግ የደቀቀ ንጹሕ የአሉሚና ዱቄት በወንፊት ውስጥ ይደረጋል፤ አንዲት ትንሽ መዶሻ ወንፊቱን እየመታች፣ የኛ እናቶች የጤፍ ዱቄት እንደሚነፉት፣ ጥቂት በጥቂት ታወርደዋለች። ዱቄቱ ከኦክሲጅን ጋር ወርዶ የሃይድሮጅን ነበልባል ሲያገኘው ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ይቀልጣል፤ ጠብታውም ከታች በሚዞር እግር ላይ ያርፋል። እግሩ በዝግታ ዝቅ ሲል ድንጋዩ ወደ ላይ ያድጋል። ተፈጥሮ በማይቈጠር ዘመን የሠራችውን ሰው በጥቂት ሰዓት ይሠራዋል። ለሩቢው ክሮምየም ተጨመረ። ሰማያዊውን ለማግኘት በመጀመሪያ ኮባልት ቢሞከር የወጣው ስፒኔል የተባለ ሌላ ድንጋይ ሆነ፤ ብረትና ቲታንየም ሲጨመሩ ግን እውነተኛው ሰማያዊ ሰንፔር ተገኘ። ብጫው በኒኬል ይሠራል፤ በቫናድየም የሚሠራውና በመብራት ቀለሙን የሚለውጠው ደግሞ አሌክሳንድራይት ነው እየተባለ ለመንገደኛ ይሸጣል። ባለ ኮከቡም ከ1947 ጀምሮ በፋብሪካ ተሠርቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። ቀለም የገባበት ጠርሙስ ማስመሰያ ነው። ሰው ሠራሽ ሰንፔር ግን ማስመሰያ አይደለም፤ በአቋሙ፣ በጥንካሬውና በክብደቱ ራሱ ሰንፔር ነው። ማታለል የሚሆነው የተፈጥሮ ነው ተብሎ ሲሸጥ ብቻ ነው። ያለ እርሱም ዛሬ መኖር ያስቸግር ነበር። በመካኒክ ሰዓት ውስጥ የሚሽከረከሩት ዘንጎች የሚያርፉባቸው ትንንሽ ቀያይ ድንጋዮች ሰው ሠራሽ ሩቢ ናቸው፤ በ1960 ሜይመን የመጀመሪያውን ሌዘር ያበራው በሰው ሠራሽ ሩቢ ነው፤ የማይጫረው የሰዓት መስተዋትም፣ የብዙው የኤል ኢ ዲ አምፖል መሠረትም ሰንፔር ነው።

ጕዳቱ የሚመጣው በማዕድን ስፍራ ነው። በፋብሪካ የተሠራው ድንጋይ ተሰባብሮ፣ በወንዝ ጠጠር መልክ ተፈትጎ፣ ከእውነተኛው ጥሬ ድንጋይ ጋር እንደሚቀላቀል በስሪ ላንካም በአፍሪካም ሰንፔር በሚወጣባቸው አገሮች የታወቀ ነው። ከከተማ የመጣ ነጋዴ ብቻ የሚታለል አይምሰላችሁ፤ ከጎረቤቱ ገዝቶ ለማትረፍ የሚፈልገው ገበሬም ይታለላል። ሌላው ጉዳይ ደግሞ ማሞቅ ነው። ጥቁረት የበዛበት ወይም የደበዘዘ ሰንፔር በምድጃ ሲጋል ቀለሙ ሊሻሻል ይችላል፤ ይህ ለገዢው ተነግሮ ሲሸጥ ነውር የለበትም። ከ2001 ወዲህ ግን ቤሪልየም የተባለውን ነገር በኀይለኛ ሙቀት አስርገው ተራውን ድንጋይ ብርቱካንማ የሚያደርጉ ተነሥተዋል፤ ይህን ያለ ላቦራቶሪ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ለጠርሙሱና ለኳርትዙ ግን የአንጥረኛ ሚዛንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃሉ። አርኪሜድስን በትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ድንጋዩን በአየር ላይ መመዘን፣ ቀጥሎም በቀጭን ክር አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ እንዳለ መመዘን ነው። በአየር 4 ግራም የመዘነ ሰንፔር በውሃ ውስጥ 3 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በአየር ያለው ክብደት በውሃ ውስጥ ለጐደለው ሲካፈል ድርሻው 4 ገደማ ነው። ተራ ጠርሙስ ወይም ኳርትዝ ቢሆን ግን ከ4 ግራሙ አንድ ተኩል ያህሉን ያጣል። በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ፈተና ነው፤ ከሚያጠራጥር ምክር ይልቅ ለገበሬው ይጠቅመዋል።

ሚዛኑ የማይለየው ሰው ሠራሹን ነው፤ ክብደቱ ያው ነውና። ለዚያ ዐሥር እጥፍ የሚያጐላ መነጽርና ትዕግሥት ያስፈልጋል። የቬርኔይ ድንጋይ በሚዞር እግር ላይ ጠብታ በጠብታ ስላደገ፣ በውስጡ እንደ ሸክላ ሙዚቃ ክሮች የጐበጡ መስመሮች፣ አንዳንዴም ክብ የአየር አረፋዎች ይታዩበታል። የተፈጥሮው ሰንፔር የዕድገት መስመር ግን ቀጥ ብሎ ይሄድና እንደ ማር እንጀራ ማዕዘን ይታጠፋል እንጂ አይጐብጥም።