የማንን ስም ይዛ ሄደች?

ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ሲወርዱ አዘዞ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በባሕር ዳር በኩል አዲስ አበባ ይዘልቃል፤ ሌላኛው በጭልጋ አልፎ ቆላውን ወርዶ መተማ ይደርሳል። አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው አዘዞ ነው። ስለዚህ ለአዘዞ እናት ልጅ መሸኘት አዲስ ነገር አይደለም። አንዱን ለትምህርት፣ አንዱን ለሰሊጥ አጨዳ፣ አንዷን ደግሞ ለዐረብ አገር ሥራ ስትሸኝ ኖራለች።

በሽኝቱ ሰሞን ስለ ሻንጣው፣ ስለ በርበሬውና ስለ ሽሮው ብዙ እንጨነቃለን። ልጅቷ በእጇ ስለያዘችው ወረቀት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው? ዕድሜውስ? ፎቶግራፏና የመታወቂያዋ ቅጂ ስንት ሰው እጅ ገብቷል?

እስቲ በብዙ ቤት የሚደርሰውን በአንድ ቤት አድርገን እናስበው። ልጅቷ 17 ዓመቷ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው ደላላ መጣ፤ ቡና ተፈላለት። ጉርድ ፎቶግራፍ፣ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ተቀበለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ዕድሜዋን ሃያ አምስት እናደርገዋለን፤ ስሟንም ለዚያ አገር የሚመች እናወጣላታለን” አለ። እናት ደነገጠች። እርሱ ግን ሳቅ ብሎ፣ “እትዬ፣ ምን አስጨነቀዎት? ወረቀት እኮ ነው!” አላት።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህች አንዲት ቃል ናት። እውን “ወረቀት ብቻ” ነው?

አንድ ገጽ ላይ የሰፈረች ልጅ

ኤጀንሲዎች “ሲቪ” የሚሉት ወረቀት ለቢሮ ሥራ ከሚዘጋጀው የተለየ ነው። በአብዛኛው አንድ ገጽ ሲሆን፣ ሙሉ ቁመናዋን የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ያገባች ወይም ያላገባች መሆኗ፣ የልጆቿ ብዛት፣ የምትችለው ቋንቋና የፓስፖርቷ ቁጥር ይሰፍሩበታል። ወረቀቱ ከመንደር ደላላ ወደ አዲስ አበባ ኤጀንሲ ይሄዳል፤ ከዚያም ልጆቻችን “መክተብ” ወደሚሉት በተቀባዩ አገር ወዳለው ቢሮ፣ ከዚያም ወደ አሠሪዎች ስልክ። አሠሪው ብዙ ፎቶግራፎች አይቶ አንዷን ይመርጣል። የተመረጠችው ትሄዳለች። ያልተመረጡት ምስልና ቁጥር ግን በማያውቋቸው ሰዎች እጅ ይቀራል።

ይህ ምን ያህል እንደሚያደርስ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ዓለም አይቷል። የቢቢሲ ዐረብኛ ዘጋቢዎች ገዢ መስለው ባደረጉት ምርመራ፣ ኩዌት ውስጥ የቤት ሠራተኞች በስልክ መተግበሪያዎችና በኢንስታግራም በኩል ለሽያጭ ሲቀርቡ አጋለጡ። የሰው ልጅ ከፎቶግራፉ ጋር ዋጋ ወጥቶለት እንደ ዕቃ ይታይ ነበር። ከዘገባው በኋላ የኩዌት ባለሥልጣናት ማስታወቂያዎቹ እንዲነሱ አዘዙ። ታዲያ ፎቶግራፍ የሰጠች ልጅ ምስሏ የት ድረስ እንደሚሄድ በሰጠች ጊዜ ማን ነገራት?

ሐሰቱ ሲከተላት

የተለወጠ ስምና ዕድሜ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አይቀርም፤ ከልጅቷ ጋር ይሳፈራል።

በመጀመሪያ፣ 17 ዓመቷ የሆነች ልጅ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ሥራ ይጠበቅባታል። “ልጅ ናት” ብሎ የሚራራላት የለም፤ ወረቀቱ ልጅ አይላትምና። ሁለተኛ፣ ደመወዝ ሲከለከሉባት ወይም ሲደበድቧት ለፖሊስ ለመናገር ትፈራለች። እርሷ ራሷ በሐሰት ወረቀት እንደገባች ታውቃለችና። ሦስተኛ፣ ወደ አገሯ ስትመለስ የትምህርት ማስረጃዋ አንድ ስም፣ ፓስፖርቷ ሌላ ስም ይሆናል። ትምህርት ለመቀጠልም ሆነ በባንክ ያስቀመጠችውን ለማንቀሳቀስ፣ “እኔ እርሷ ነኝ” ብላ ማስረዳት ግድ ይላታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ስልኳ የጠፋ ቀን የሚሆነው ነው። አባት ኤምባሲ ወይም መሥሪያ ቤት ሄዶ የልጁን ስም ይናገራል። በመዝገቡ ውስጥ በዚያ ስም የሄደች ልጅ የለችም። ታማ ሆስፒታል ብትተኛ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና ብትሞት እንኳ፣ የምትመዘገበው አባቷ በማያውቀው ስም ነው። ወላጅ በገዛ ልጁ ስም ልጁን መፈለግ አቃተው ማለት ነው።

በእኛ በአማኞች ቤት ደግሞ ሌላም ቁስል አለ። “ክርስቲያን ከሆነች አይመርጧትም” እየተባለ የእስልምና ስም የወጣላቸው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው ፎቶግራፍ የተነሡ ብዙ እህቶች አሉ። ጥፋቱ በስሙ ላይ አይደለም። ሙስሊም እህቶቻችን በእውነተኛ ስማቸው ተጉዘው በሐቅ ይሠራሉ። ጥፋቱ ሐሰቱ ነው። የኮንትራቷን ዘመን ሁሉ ያልሆነችውን ሆና ትኖራለች፤ ጸሎቷን እንኳ ደብቃ። ለዳንኤል በባቢሎን ሌላ ስም ያወጡለት ማርከው የወሰዱት ሰዎች ነበሩ። ለልጆቻችን ግን የምናወጣላቸው እኛው ነን፤ በገዛ ቤታችን፣ ቡና እያፈላን።

ሕጉስ ምን ይላል?

አገራችን በዚህ ጉዳይ ሕግ አላጣችም። በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 632 ወጥተው ነበር። ሆኖም ችግሩ እየከፋ ሄዶ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ለሥራ ወደ ውጭ መላክን አገደ። በዚያው ዓመት ሳውዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ወደ አገራቸው መለሰች። እገዳው የተነሣው በጥር 2010 ዓ.ም. ነው።

ከእገዳው በፊት በነበረው ክፍተት ምትክ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። በዚህ ሕግ መሠረት ሠራተኛ ወደ ውጭ መላክ የሚችለው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ እንጂ የሰፈር ደላላ አይደለም። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው አይላክም። የቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ባለቤቱም ስለ እርሱ የተያዘውን የማየትና ስሕተቱን የማሳረም መብት እንዲኖረው ይደነግጋል። ሃይማኖትንና ጤናን የሚመለከት መረጃ የበለጠ ጥበቃ አለው። እንግዲህ ያቺ አንድ ገጽ ወረቀት የደላላው ንብረት አይደለችም፤ የልጅቷ ናት።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

1. መረጃ ከመስጠት በፊት ጠይቁ። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው በከተማው የሥራ ጉዳይ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። “እኔን እመኑኝ” የሚለውን ደላላ አመስግናችሁ ሸኙት።

2. ዋናውን ሰነድ አትስጡ፤ ቅጂውን ስጡ። ቅጂው ላይ ቀኑን፣ የኤጀንሲውን ስምና “ለሥራ ቅጥር ብቻ” የሚል ጻፉበት። ፓስፖርት ማስረከብ ግድ ከሆነ በደረሰኝ ይሁን።

3. የተዘጋጀውን ሲቪ ለማየት ጠይቁ። ዕድሜው፣ ስሙና ችሎታው እውነት ካልሆነ እንዲታረም አድርጉ። መኪና መንዳት የማታውቅን “ሾፌር ናት”፣ ሕፃን ይዛ የማታውቅን “ሞግዚት ናት” ብሎ መላክ በኋላ ዋጋ የሚያስከፍለው እርሷን ነው።

4. የጤና ምርመራ ውጤቷን ራሷ ትያዝ። ሥራው ካልተሳካም ፎቶግራፏና ወረቀቶቿ እንዲመለሱ ጠይቁ።

5. ከመሄዷ በፊት በአንድ ደብተር ጻፉ፦ ስሟ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የኤጀንሲው ስምና ስልክ፣ የመክተቡ ስም፣ የአሠሪው ስምና አድራሻ። የውሉንም ቅጂ አስቀምጡ።

6. በሌላ ስም የሄደች ልጅ ያለቻችሁ ደግሞ አትፈሩ፤ አትደብቁም። ዛሬውኑ ደውላችሁ ፓስፖርቷ ላይ ያለውን ስም ጠይቋትና ጻፉት። አንድ ቀን እርሷን የምታገኙበት መንገድ ያ ስም ሊሆን ይችላል።

ለአገልጋዮችም አንድ ቃል አለን። ልጆቻችንን ፊት አቁመን በጸሎት ስንሸኝ ደስ ይላል። ነገር ግን ከጸሎቱ በፊት ቀስ ብለን፣ “ልጄ፣ ወረቀትሽን እስቲ አሳዪኝ” ብንል ምን ይመስላችኋል? ብዙዎች ለወላጅ ያልተናገሩትን ለዚያ ጥያቄ ይናገሩ ይሆናል።

ሰው ቢቸገር ወደ ሥራ መሄዱ ነውር አይደለም። በዐረብ አገር ላብ የተሠራ ቤት፣ የተማረ ወንድም፣ የታከመች እናት በየሰፈራችን አለ። ግን እናት በዚያች የአዘዞ መታጠፊያ ላይ ቆማ ልጇን ስትሸኝ፣ የምትጠራበት ስም ልጅቷ ይዛው የምትሄደው ስም ይሁን። ያን ስም ያወጣችላት እርሷ ናትና፣ ደላላ እንዲለውጠው አትፍቀድ።