አንዴ የሚነሳ፣ አንዴ የማይነሳ መኪና

ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ውስጥ ብዙው መኪና የሚያድረው ምድር ቤት ነው። ሰፈሩ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ (በፈረንጆች)፣ የቀድሞው የቶሮንቶ ከንቲባ የሮበርት ፍሌሚንግ እርሻ በነበረ መሬት ላይ፣ በዕቅድ የተቆረቆረ የፎቅ መኖሪያ ነው፤ ከየፎቁ ሥርም ሰፋፊ ፓርኪንግ አለ። ጥር ላይ ደጁ ከዜሮ በታች 15 ሲገባ ምድር ቤቱ ያን ያህል አይበርድም። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ያለ ምንም ችግር የተነሳ አሮጌ ኮሮላ፣ ቀኑን ደጅ ውሎ ማታ ከሥራ ሲወጡ አልነሳም ይላል። በማግስቱ መካኒክ ዘንድ ሲቀርብ ደግሞ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። መካኒኩ "ምንም የለውም" ቢል አልዋሸም። በዚያች ሰዓት ምንም የለውም።

ጨርሶ እምቢ ያለ መኪና ለመካኒክ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ይሄ እንዳሰኘው የሚሆነው ነው። ባለቤቱ ይሰለችና በግምት ዕቃ መቀየር ይጀምራል፤ መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ሞተሪኖ፣ ቀጥሎ ዲናሞ። ሦስቱም ተቀይረው ጥፋቱ የአንዲት ገመድ ዝገት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በኔ እምነት ብልሽቱ እጅ ከፍንጅ ሳይያዝ አንድም ዕቃ መቀየር የለበትም። ለመያዝ ግን ሞተሪኖውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሞተር በራሱ መዞር አይጀምርም፤ ነዳጁን አምቆ እስኪያቃጥል ሌላ ኃይል ሊያዞረው ይገባል። ድሮ ይህ የክንድ ሥራ ነበር። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን መኪና የሚነሳው ከፊት በማኖቬላ እየተዞረ ነበር፤ ማኖቬላው መልሶ ሲመታም ክንድ ይሰብር ነበር። ከዚህ ጣጣ የገላገለው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ሰውዬው አስቀድሞ የሱቅ ሂሳብ መመዝገቢያ ማሽንን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ያደረገ መሐንዲስ ነበር። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከአቅሙ በላይ ቢጫንበት እንደሚችል ያውቃል። ይህንኑ ብልሃት ወደ መኪና አመጣውና ሞተሪኖው በ1912 (በፈረንጆች) ሞዴሉ ካዲላክ ላይ ተገጠመ። ቁልፍ ይዞ ከ10 ሰከንድ በላይ ማስጮህ የማይገባውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሞተሪኖ ለአፍታ እንጂ ለረጅም ሥራ አልተፈጠረም።

ቁልፉ ሲዞር መጀመሪያ የሚነሳው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። በማርሽ ስዊቹና በሪሌው አልፎ ሞተሪኖው ጀርባ ላይ የተቀመጠውን ሶሌኖይድ ይቀሰቅሳል። ሶሌኖይዱ ሁለት ሥራ ባንዴ ይሠራል፤ ጥርሱን ገፍቶ ከቮላኖው ጋር ያያይዛል፣ ውስጡ ያሉትን ሁለት ወፋፍራም መዳቦችም ያገናኛል። ከባትሪው ዋናው ኃይል የሚያልፈው ከዚያ በኋላ ነው፤ በአነስተኛ ሞተር ላይ እንኳ 150 አምፒር ያህል።

ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው እነዚህ መዳቦች ላይ ነው። በተለይ ብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚገኘው የዴንሶ ሞተሪኖ በዚህ ይታወቃል። ክዳኑ ሲከፈት አንደኛው መዳብ ከሌላው ይልቅ ተበልቶ፣ ጠርዙ ጠቁሮ ይታያል። ሶሌኖይዱ የሚጎትተው ክብ መዳብ አንዳንዴ ደህናው ቦታ ላይ ያርፋል፣ አንዳንዴ የተበላው ላይ። ደህናው ላይ ሲያርፍ መኪናው ይነሳል። የተበላው ላይ ሲያርፍ አንዲት "ቀጭ" ተሰምታ ዝም። ቁልፉ ደጋግሞ ሲዞር ድንገት የሚነሳው ለዚህ ነው። መዳቦቹ ብቻቸውን በጥቂት ዶላር ይገኛሉ፤ ሆኖም የጉልበት ዋጋ ውድ በሆነበት አገር ፈትቶ የሚሠራ ስለማይበዛ ሙሉው ሞተሪኖ ይቀየራል። መርካቶ አካባቢ ያለ ኤሌትሪሺያን ቢሆን ይህን ሲያይ ይስቃል።

"ቀጭ" ብሎ ዝም ሲል የጣሪያውን መብራት ተመልከቱ። ፈዞ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ባትሪና ወደ ገመዶቹ ይዞራል፤ እንደበራ ከቆየ ወደ ሞተሪኖው። መብራት መብራቱ ብቻውን ግን ለባትሪው ጤንነት ምስክር አይሆንም። አንድ የፊት መብራት 5 አምፒር ያህል ነው የሚወስደው፤ ከ150 ጋር ምን አገናኘው? ባትሪ በሙቀት ደህና መስሎ፣ ከዜሮ በታች 18 ላይ ግን ከጉልበቱ ግማሹን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። አርፎ ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ላይ ነው።

ቶሮንቶ ላይ ሌላም ጠላት አለ፤ የመንገድ ጨው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲና ወደ ሞተር የሚሄደውን የማሳ ገመድ ከላይ ደህና አስመስሎ ከውስጥ ይበላዋል። በሌላ መኪና ባትሪ ቡስት ተደርጎ የተነሳ መኪና ሁሉ "ባትሪው ነው" ይባላል፤ አንዳንዴ ግን ያስነሳው ገመዱ ሲቆነጠጥ ተርሚናሉ መነቃነቁ ነው። ቮልት መለኪያ ያለው ሰው፣ ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር፣ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ራሱ ሞተሩ ብረት ላይ ያድርግ። ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ማሳው ጥፋተኛ ነው። ይህ ምርመራ የሚሠራው ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ በቆመ መኪና ላይ የተበላ ገመድም ጥሩ ይመስላል።

ድምፅ ጭራሽ ከሌለ ማርሹን ከፓርክ ወደ ፎሌ አውጥቶ መሞከር ነው። በፎሌ ከተነሳ የማርሽ ስዊቹ ነው። አገር ቤት ቢሆን ሰፈርተኛ ተጠርቶ ተገፍቶ በሁለተኛ ማርሽ ይነሳ ነበር፤ አውቶማቲክ መኪና ግን ተገፍቶ አይነሳም። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ብልጭ ካለ ደግሞ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ሊሆን ስለሚችል መለዋወጫው ቁልፍ ይሞከር። ካናዳ ከመስከረም 2007 (በፈረንጆች) ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ ይህን የስርቆት መከላከያ አስገድዳለች።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሞተሪኖው ሥራውን ሠርቷል። ቁልፉ "ኦን" ላይ ሲደርስ ከኋላ ወንበር ሥር የነዳጅ ፖምፓው ለሁለት ሰከንድ ያህል እዝዝ ሲል መሰማት አለበት። የ1990ዎቹ (በፈረንጆች) ሆንዳዎች በፖምፓው ሪሌ የታወቁ ናቸው። ውስጡ ያለው ብየዳ ይሰነጠቅና ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ሲግል እምቢ ይላል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል።

እንግዲህ መኪናው እምቢ ባለበት ቅጽበት ስልካችሁን አውጡና ድምፁንም ዳሽቦርዱንም በቪዲዮ ቅረጹ፤ ብርዱን፣ ሞተሩ ትኩስ መሆን አለመሆኑን ጻፉ። ለመካኒክ ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም። ጋራዥ ስትገቡም ግምቱን በጽሑፍ ጠይቁ። በኦንታሪዮ ሕግ የመጨረሻው ሂሳብ ከተጻፈው ግምት ከ10 በመቶ በላይ ሊበልጥ አይችልም፤ የተቀየረው ዕቃና ሥራም ቢያንስ ለ90 ቀን ወይም ለ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚሞላው፣ ዋስትና አለው።