ኤስኤስዲን በሊኑክስ ላይ ማዘጋጀት

ኤስኤስዲ ወይም ሶሊድ ስቴት ድራይቭ የሚሽከረከር ዲስክም ሆነ ሌላ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው፣ ዳታን በፍላሽ ሚሞሪ ቺፖች ላይ የሚይዝ የኮምፒዩተር ማከማቻ ነው። የሊኑክስ ከርነል አብዛኞቹን ኤስኤስዲዎች በራሱ ስለሚያውቃቸው የተለየ ድራይቨር መጫን አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ኤስኤስዲ የተሰረዘ ፋይልን የሚያስተናግድበት መንገድ ከሃርድ ዲስክ ይለያል። በዚህም ምክንያት ጀማሪ ተጠቃሚ በዋናነት ማረጋገጥ ያለበት ትሪም የተባለው ትዕዛዝ በየጊዜው መሥራቱን ነው። ትሪም የድራይቩን ፍጥነትና ዕድሜ ይጠብቃል፤ በአንጻሩ በስህተት የተሰረዘን ፋይል መልሶ የማግኘት ዕድልን ያጠፋል።

አሠራሩ

በፍላሽ ሚሞሪ ላይ ዳታ የሚጻፈው ፔጅ በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ሲሆን የአንድ ፔጅ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 16 ኪሎባይት ነው። ብዙ ፔጆች ተሰብስበው አንድ ብሎክ ይሆናሉ። በተጻፈበት ፔጅ ላይ ደርቦ መጻፍ አይቻልም፤ አስቀድሞ መጥፋት አለበት። ማጥፋት የሚቻለው ደግሞ ሙሉውን ብሎክ በአንድ ላይ ነው። ነገሩ አንድ ቃል ለማረም ሰሌዳውን በሙሉ እንደ መደምሰስ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ መጥፋት የሚችለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በድራይቩ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ጽሕፈቱን በሁሉም ብሎኮች ላይ ያዳርሳል።

አንድ ፋይል ሲሰረዝ ፋይል ሲስተሙ ቦታውን በመዝገቡ ላይ «ነጻ» ያደርገዋል እንጂ ዳታው ወዲያው አይጠፋም። ለሃርድ ዲስክ ይህ ችግር የለውም፤ በቦታው ላይ በቀጥታ ደርቦ ይጽፋልና። ኤስኤስዲ ግን ቦታው ነጻ መሆኑ ካልተነገረው የማያስፈልገውን ዳታ እንደሚያስፈልግ ቆጥሮ፣ ብሎኮችን ባጸዳ ቁጥር ከቦታ ቦታ ያዘዋውረዋል። ይህም ትርፍ ጽሕፈት፣ የፍጥነት መቀነስና ያለጊዜው ማርጀትን ያስከትላል። ትሪም ማለት እንግዲህ ስርዓተ ክወናው «ይህ ቦታ ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብሎ ለድራይቩ የሚያሳውቅበት ትዕዛዝ ነው። በሊኑክስ ውስጥ ዲስካርድ በመባልም ይታወቃል። የኤክስት4 ፋይል ሲስተም ይህን መደገፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የከርነል ስሪት 2.6.33 ነው።

ከመጫን በፊት

ሊኑክስን በአዲስ ኤስኤስዲ ላይ ከመጫን በፊት በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ዳታ ወደ ሌላ ድራይቭ መገልበጥ አለበት። በጀማሪዎች ላይ የሚደርሰው ከባዱ ስህተት የተሳሳተ ድራይቭ መርጦ ማጽዳት ነው። ሊኑክስ በሳታ የተገናኙ ድራይቮችን ኤስ-ዲ-ኤ፣ ኤስ-ዲ-ቢ እያለ ይሰይማል፤ የኤንቪኤምኢ ድራይቮች ስም ደግሞ በኤን-ቪ-ኤም-ኢ ፊደላት ይጀምራል። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲበራ እነዚህ ስሞች ሊቀያየሩ ስለሚችሉ፣ ድራይቩን በስሙ ብቻ ሳይሆን በመጠኑና በሞዴሉ ጭምር መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚረዳው ትዕዛዝ በተርሚናል ላይ በላቲን ፊደላት የሚጻፈው ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬ ነው።

በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ የሊኑክስ መጫኛው ኤስኤስዲውን ጨርሶ ላያየው ይችላል። አንዱ የተለመደ ምክንያት የማከማቻ ቅንብሩ በባዮስ ውስጥ በኤኤችሲአይ ፈንታ በሬይድ ላይ መሆኑ ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ ዊንዶውስ ካለ ግን ይህን ቅንብር ያለ ዝግጅት መቀየር ዊንዶውስ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል።

ክፍልፋይና ፋይል ሲስተም

ክፍልፋዮች ከብሎኮቹ አቀማመጥ ጋር መገጣጠም አለባቸው፤ ካልተገጣጠሙ አንዱ ጽሕፈት ወደ ሁለት ሊከፈል ይችላል። ዘመናዊ መጫኛዎች የመጀመሪያውን ክፍልፋይ ከ1 ሜጋባይት ላይ ስለሚያስጀምሩ ተጠቃሚው ስሌት መሥራት አይጠበቅበትም። ለጀማሪ ኤክስት4 በቂና የተፈተነ ምርጫ ነው።

ትሪምን ማረጋገጥ

ትሪም በሁለት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው ፋይል በተሰረዘ ቁጥር ወዲያው መላክ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተጠራቀመውን ነጻ ቦታ በየሳምንቱ በአንድ ጊዜ ማሳወቅ ነው። ለአብዛኛው ተጠቃሚ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። ይህን የሚያከናውነው ኤፍኤስትሪም የተባለው ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱ ከስሪት 14.04 ጀምሮ፣ ፌዶራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ስሪት 32 ጀምሮ ይህን ሳምንታዊ ሥራ በራሳቸው ያስነሳሉ። አርች ሊኑክስን በመሰሉ ስርጭቶች ላይ ግን ተጠቃሚው ራሱ የኤፍኤስትሪም ታይመርን በሲስተምዲ በኩል ማስነሳት ይኖርበታል።

ድራይቩ ትሪምን መቀበሉን ለማወቅ ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬ የሚለውን ትዕዛዝ ከሰረዝና ከትልቁ ዲ ፊደል ጋር መጻፍ ይቻላል። ስለ ዲስካርድ በሚናገሩት ዓምዶች ሥር ዜሮ ብቻ ከታየ ትሪም አይደርስም ማለት ነው። ይህ በተለይ በዩኤስቢ በሚሰኩ ውጫዊ ኤስኤስዲዎች ላይ ያጋጥማል፤ ችግሩም ብዙ ጊዜ ከማገናኛው እንጂ ከድራይቩ አይደለም።

ዲስኩ በሉክስ ከተመሰጠረ ትሪም በመደበኛው ቅንብር ተዘግቶ ይቆያል። ምክንያቱ ትሪም ከተፈቀደ ድራይቩ እጁ የገባ ሰው ይዘቱን ማንበብ ባይችልም የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ ሊያውቅ መቻሉ ነው። ይህ የማያሳስበው ተጠቃሚ በክሪፕትታብ ፋይል ውስጥ ዲስካርድ የሚለውን አማራጭ ጨምሮ ሊፈቅደው ይችላል።

ጊዜ ያለፈባቸው ምክሮች

በመጀመሪያዎቹ የኤስኤስዲ ዓመታት የተሰጡ ብዙ ምክሮች ዛሬም ይደጋገማሉ። ስዋፕን ከኤስኤስዲ ላይ ማስወገድ ከነዚህ አንዱ ነው፤ በዛሬዎቹ ድራይቮች ላይ መጠነኛ ስዋፕ ለአብዛኛው ተጠቃሚ ስጋት አይደለም። ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓቱ እንዳይመዘገብ ማድረግም እምብዛም አያስፈልግም፤ ከርነሉ ከስሪት 2.6.30 ጀምሮ ይህን ምዝገባ በራሱ ቀንሶታል። ዲፍራግሜንት ማድረግም ለሃርድ ዲስክ የታሰበ ሥራ ነው፤ ኤስኤስዲ ላይ ብዙ ጥቅም ሳይሰጥ ጽሕፈት ያበዛል።

ጤንነትና መጠባበቂያ ቅጂ

ስማርትሲቲኤል የተባለው ትዕዛዝ በድራይቩ ላይ የተጻፈውን የዳታ መጠንና የእርጅናውን ደረጃ ያሳያል። ሆኖም ኤስኤስዲ ያለ ማስጠንቀቂያ በድንገት ሊበላሽ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ ሲቀመጥም ዳታው ሊጠፋ ይችላል። በሃርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በማስመለሻ ፕሮግራም ሊገኝ ይችላል። ኤስኤስዲ ላይ ግን ትሪም ካለፈበት በኋላ ይህ ተስፋ እጅግ አነስተኛ ነው። ስለሆነም እንደ መመረቂያ ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ ያሉ የማይተኩ ፋይሎች በሌላ ማከማቻ ላይም ቅጂ ሊኖራቸው ይገባል።