የድሮ የአማርኛ ፋይሎቻችን፦ ሳይጠፉ እንዴት ወደ አዲስ ኮምፒዩተር እናሻግራቸው?



ከ15 እና ከ20 ዓመት በፊት በኮምፒዩተር የተጻፉ የኪታብ ትርጉሞች፣ የደርስ ማስታወሻዎችና ኹጥባዎች ዛሬም በኡስታዞችና በመድረሳዎች እጅ ይገኛሉ። በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ግን በአማርኛው ምትክ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላት ይደረደራሉ። ባለቤቱም «ተበላሽቷል» ብሎ ያጠፋቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፋይሉ አልተበላሸም።

ችግሩ ምንድን ነው?

ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንደኛው የፋይሉ ዓይነት ነው። ማይክሮሶፍት ወርድ እስከ 2003 እትሙ «ዶክ»፣ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ «ዶክኤክስ» በሚባል ዓይነት ያስቀምጣል። ይህ ቀላል ነው፤ አዲሱ ወርድም ሆነ በነፃ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ የድሮውን ከፍተው በአዲሱ ዓይነት ያስቀምጣሉ።

ከባዱ የፊደሉ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ መጻፊያዎች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነው፤ «ሀ» አድርጎ የሚያሳየን ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ላቲኑ ይወጣል።

በዚያ ላይ የእነዚህ ፎንቶች ቦታ ከ256 አይበልጥም። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዱ መጻፊያ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። ለአንዱ የተሠራ መቀየሪያ ሌላውን የሚያበላሸው ለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

1. ዋናውን ፋይል አይንኩ፤ በቅጂው ላይ ይሥሩ።
2. የድሮው ኮምፒዩተር የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ እዚያው ላይ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩት ወይም ያትሙት። በኋላ ማመሳከሪያ ይሆናል።
3. ጽሑፉ ላይ ጠቅ አድርገው የፎንቱን ስም ይመዝግቡ። ፎንቱ ባይኖርም ስሙ ይታያል። ሙሉውን መርጠው ፎንት አይቀይሩ፤ ስሙ ከጠፋ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው መለየት ያስቸግራል።
4. ለዚያ ፎንት የተሠራ የዩኒኮድ መቀየሪያ ይጠቀሙ፤ መጀመሪያ አንድ ገጽ ይሞክሩ። የድሮውን ፎንት መጫን ብቻ ጽሑፉን ያስነብባል እንጂ በስልክ ሲላክ መልሶ ይበላሻል።

ለቁርኣን አንቀጾች ልዩ ጥንቃቄ

አንዳንድ ፋይሎች ላይ አያዎቹ የተጻፉት ለ604ቱ የመዲና ሙስሐፍ ገጾች ለየብቻ በተዘጋጁ ፎንቶች ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ወይም ሲለወጥ የሚታየው አያው አይደለም። እንዲህ ያለውን ለመጠገን አይሞክሩ፤ እንደ ታንዚል ካለ በዩኒኮድ ከተዘጋጀ የቁርኣን ጽሑፍ እንደ አዲስ ያስገቡ፤ ከሙስሐፍም ጋር ያስተያዩ። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ቀጥሎ «አር» የምትባል የላቲን ፊደል ብቻዋን ከታየች ደግሞ የሰለዋቱ ምልክት ፎንቱን አጥቶ ነው፤ ይመልሱት።

ዑለማዎች ኪታብ ሲገለብጡ ቅጂውን ከዋናው ጋር ያስተያዩ ነበር፤ «ሙቃበላ» ይባላል። እኛም አንዱ ከድሮው እያነበበ ሌላው በአዲሱ ላይ ይከታተል። አንዲት ፊደል ሐላሉን ሐራም ልታስመስል ትችላለችና፣ ሳይታይ የተቀየረ ጽሑፍ ወደ ቴሌግራም አይላክ። ዒልም አማና ነው።

ወላሁ አዕለም።