እንቅልፉ ልብን ያቆማልን?

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ጎብዬ ሰንብተን ነበር። ልጃቸው ለልብ ኦፕራሲዮን ወደ አዲስ አበባ የተላከባቸው አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ተምራችኋል፤ የታመመ ልብ ያን የእንቅልፍ መድኃኒት እንዴት ይችለዋል? ቢያቆምበትስ?» ሲሉ ጠየቁን። የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና መልስ አጣን። ተመልሰን መጻሕፍት አገላብጠን ያገኘነውን ለአንባቢያን እናቀርባለን።

የእናቲቱ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ብዙዎቹ የማደንዘዣ መድኃኒቶች የልብን ጡንቻ ያደክማሉ፤ የደም ሥሮችንም ያሰፋሉ፤ በዚህም የደም ግፊት ይወርዳል። ጤነኛ ልብ ይህን ይችለዋል፤ የደከመ ልብ ግን ይቸገራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዶክተር ሎዌንስታይንና ጓደኞቻቸው በቦስተን ከተማ ባደረጉት ምርመራ፣ የልብ በራቸው ለታመመ ሰዎች ብዙ ሞርፊን በደም ሥር ቢሰጥም የደም ዝውውራቸው እንዳልተናጋ አስረዱ።

ሆኖም ሞርፊን ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ስለሚያስለቅቅ ግፊትን የሚያወርድበት ጊዜ አለ። የቤልጂጉ ፖል ያንሰን በ1960 ያስገኙት ፈንታኒል ግን ይህ ጠባይ እምብዛም የለበትም። የልብን ምት ያዘገያል እንጂ ጡንቻውን አያደክምም። ደረት ሲከፈት ሰውነት ደንግጦ የሚያስነሣውንም ግፊት ያበርዳል።

ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው? የሚያቆመው ትንፋሽን ነው፤ ስለዚህ በሽተኛው በመሣሪያ ይተነፍሳል። ደግሞም ብቻውን እርግጠኛ እንቅልፍ አይሰጥም፤ ከሌላ ማስተኛ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ግፊት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የዛሬ ሐኪሞች መጠኑን ቀንሰው፣ ግፊቱን ከደቂቃ ደቂቃ እየተመለከቱ ይሰጡታል። በኦፕራሲዮኑ መካከል ልብ የሚቆመው በእንቅልፉ ሳይሆን ሐኪሙ አስቦ በሚሰጠው ፖታሲየም ነው፤ ያን ጊዜ ደሙን የሚያዘዋውረው መሣሪያ ነው።

ይህ ሥራ በአገራችንም አለ። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. የመሠረቱት የሕፃናት ልብ መርጃ ድርጅት ባደረገው ጥረት፣ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፍቷል። ነገር ግን ተራ ጠባቂው ብዙ ነው።

ከነዚህም ሕፃናት የብዙዎቹ በሽታ የሚጀምረው በጉሮሮ ሕመም ነው። ሳይታከም ሲቀር በአንዳንዱ ልጅ ላይ የልብን በሮች ያበላሻል። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን ይህን ይከላከላል። እንግዲህ ወደየአገራችን ስንመለስ፣ «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥ» ሲባል ዝም አንበል፤ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ። ለእናቲቱም መልሳችን ይህ ነው፦ እንቅልፉ የልጅዎን ልብ እንዳይጎዳ የሚጠብቅ ሐኪም ከራስጌው አይለይም።