ከዋክብት ከመወለዳቸው በፊት፦ የጨለማ ደመናዎች ሙቀትና አለካኩ

ፀሐይን የመሰለ ኮከብ የሚጸነሰው እጅግ ቀዝቃዛ ከሆኑት የጠፈር ሥፍራዎች በአንዱ ነው። በከዋክብት መካከል የሚገኙት ጨለማና እፍግ ደመናዎች በአብዛኛው ሃይድሮጂን ሲሆኑ፣ ሙቀታቸው 10 ኬልቪን ያህል፣ ማለትም ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ሙቀት ምን እንደሚወስነው፣ እንዴት እንደሚለካና ለከዋክብት አወላለድ ያለውን ፋይዳ ለማብራራት እንሞክራለን።

በደመናው ጠርዝ ላይ ጋዙን የሚያሞቀው የከዋክብት ብርሃን ነው። ወደ ውስጥ በዘለቅን መጠን ግን አቧራው ብርሃኑን ስለሚጋርደው፣ ዋናው የሙቀት ምንጭ ኮስሚክ ጨረር ይሆናል። በአንፃሩ ሞለኪውሎች፣ በተለይም ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሙቀቱን በራዲዮ ሞገድ መልክ ወደ ውጭ በማስወጣት ጋዙን ያቀዘቅዙታል። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ከ100,000 ገደማ ሲያልፉ ደግሞ ጋዙ ከአቧራው ጋር አዘውትሮ ስለሚጋጭ የሁለቱ ሙቀት ይቀራረባል።

ይህን ሙቀት መለካት ቀላል አይደለም። የሃይድሮጂን ሞለኪውል በእንዲህ ያለ ቅዝቃዜ የሚታይ ጨረር አይሰጥም ለማለት ይቻላል። ካርቦን ሞኖክሳይድም በደመናው እምብርት በአቧራው ላይ በረዶ ሆኖ ስለሚጋገር፣ የሚያሳየን ውጫዊውን ሽፋን ብቻ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 በጠፈር ውስጥ ወደተገኘው አሞኒያ ፊታቸውን አዞሩ። አሞኒያ 1.3 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ የሞገድ ርዝመት የሚሰጣቸው መስመሮች ሲነጻጸሩ የጋዙን ሙቀት ይገልጻሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በዚሁ ዘዴ የወጣ ጥናት በሠውር የከዋክብት ክምችት አቅጣጫ ባለው ኤል 1544 በተባለው ደመና ላይ፣ ሙቀቱ ከዳር 12 ኬልቪን ገደማ ተነሥቶ በእምብርቱ ወደ 5.5 ኬልቪን እንደሚወርድ አሳይቷል።

የጥቂት ዲግሪዎች ልዩነት ይህን ያህል የሚያከራክረን ለምንድን ነው? ደመናው በገዛ ስበቱ እንዳይወድቅ ከሚደግፉት ኃይሎች አንዱ የጋዙ ግፊት ሲሆን፣ ግፊቱም በሙቀቱ ይወሰናል። ጄምስ ጂንስ እ.ኤ.አ. በ1902 ባስቀመጡት ስሌት መሠረት፣ እፍጋቱ ሳይለወጥ ሙቀቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ በስበት ሊወድቅ የሚችለው አነስተኛው ቁስ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። እምብርቱ 10 ኬልቪን ነው ብለን ብንነሣ፣ ደመናው ከእውነቱ ይልቅ የጸና መስሎ ይታየናል፤ ከአቧራው ጨረር የምናሰላው የቁስ መጠንም ያንሳል። እንግዲህ ኮከብ መቼና ምን ያህል ሆኖ እንደሚወለድ ለመናገር፣ አስቀድሞ የማይታየውን እምብርት ቅዝቃዜ በትክክል ማወቅ ግድ ይሆናል።