የትንሣኤው ማዕድ ከቤት ሲወጣ

ኀምሳ አምስቱ የዐቢይ ጾም ዕለታት ተፈጽመው፣ የሰሙነ ሕማማት ስግደት አልፎ፣ በቀዳም ሥዑር ካህናት ያደሉት ቄጤማ በየምእመናኑ ራስ ላይ ታስሮ፣ ሌሊቱም በጸሎትና በዝማሬ ሲጋመስ፣ በየቤቱ የተከደነው የዶሮ ወጥ ድስት የቅዳሴውን ፍጻሜ ይጠብቃል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ቤተሰብ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ገበታውን ከብቦ ይቀመጣል። አባት ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል፤ እናት ከአሥራ ሁለቱ የዶሮ ብልቶች የትኛው ለማን እንደሚገባ ታውቃለችና ለየሰው እንደየማዕረጉ ታወጣለች። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ሌሊቱ ይነጋል።

ይህ የፋሲካ ሌሊት ሥዕል ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ከጎኑ ሌላ ሥዕል በየከተሞቻችን እየጎላ መጥቷል። በበዓሉ ማግስት ከቀትር በኋላ በልኳንዳ ቤቶችና በምግብ ቤቶች ደጃፍ ያለፈ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ጠረጴዛ ገጥመው የተቀመጡ ባልንጀሮች፣ በሸክላ ላይ የሚንጫጫ ጥብስ፣ ከነአዋዜውና ከነሚጥሚጣው የቀረበ ቁርጥ፣ በብርሌ የተቀዳ ጠጅ፣ እስከ መንገድ የሚሰማ ሳቅ።

በዚህ ልማድ ቅር የሚሰኙ ጥቂቶች አይደሉም። በተለይም አረጋውያን በዓል በቤት እንጂ በሆቴል አይከበርም፣ ዋጋ የተከፈለበት ማዕድም በረከት የለውም ሲሉ ይደመጣሉ። ሐሳባቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ታዲያ ማዕዱ ከቤት ሲወጣ የበዓሉ ቁም ነገር አብሮት ይወጣልን? ወይስ ቁም ነገሩ ከቤቱ ጣሪያ ይልቅ በሌላ ነገር ላይ የቆመ ነው? በዚህ የትንሣኤ ሰሞን ጥያቄውን ጥቂት ማውጠንጠን ተገቢ ይመስለናል።

ኀምሳው የፍሥሐ ቀናት

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው ፋሲካ የአንድ ቀን በዓል አለመሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከትንሣኤ እሑድ አንሥቶ እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ ያሉት ኀምሳ ቀናት የደስታ ቀናት በመሆናቸው፣ በሌላው ጊዜ የሚጾሙት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙባቸውም። የመጀመሪያው ሳምንትም ለየዕለቱ ስም ተሰጥቶታል። ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም ሐሙስ፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት ይባላሉ፤ ተከታዩ እሑድም ዳግም ትንሣኤ ነው።

ይህን ያህል የተራዘመ በዓል በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ብቻ ተወስኖ አያውቅም። ልጆች ለወላጆቻቸው፣ የክርስትና ልጆችም ለክርስትና አባቶቻቸውና እናቶቻቸው አክፋይ ይዘው የሚሄዱት በዚሁ ሰሞን ነው። በጾሙ ምክንያት የቆየው ሠርግ የሚደገሰው፣ ወዳጅ ከወዳጁ የሚጠራራው በዚሁ ሰሞን ነው። በመሆኑም ከቤት ወጥቶ ከሌላው ጋር መብላት ለፋሲካ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ገበታው የሚዘረጋበት ቤት የዘመድ መሆኑ ቀርቶ የነጋዴ መሆኑ ነው።

ከነውር ወደ ልማድ

በቀድሞው ዘመን ምግብ ለእንግዳ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ ነገር አልነበረም ለማለት ይቻላል። የመሸበት መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ሲቆም እግሩ ታጥቦ፣ ራቱን በልቶ ያድር ነበር። በቤተ መንግሥትም ቢሆን በታላላቅ በዓላት ግብር ሲገባ መኳንንቱና ሠራዊቱ እንደየማዕረጋቸው ተቀምጠው ከአንድ ጌታ ቤት ይመገቡ ነበር። ሰው ለጎረሰው እንጀራ ሂሳብ ይክፈል ማለት ለጆሮ የሚከብድ ነበር።

በእንዲህ ያለው ኅብረተሰብ መካከል በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በእቴጌ ጣይቱ አሳቢነት ሆቴል ሲከፈት፣ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለብዙው ሰው እንደ ነውር ይቈጠር እንደነበር ይነገራል። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረው ታሪክ እንደሚለው፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በሆቴሉ ተመግበው ሂሳቡን ከፈሉ፤ መኳንንቱም በተራቸው እርስ በርሳቸው እንዲገባበዙ አደረጉ። ሆቴል ገብቶ መብላት ቀስ በቀስ የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

ይህ ታሪክ ለጥያቄያችን አንድ ፍንጭ ይሰጣል። የሆቴል ማዕድ ወደ ልማዳችን የገባው በግብዣ በር ነው። ያን ጊዜ ነውሩን ያስወገደው የምግቡ ጣዕም ወይም የአዳራሹ ውበት ብቻ አልነበረም፤ አንዱ ሌላውን «ና፣ አብረን እንብላ» ማለቱ ነው።

ቅርጫ ያስተማረን

አብሮ የመብላትን ቁም ነገር ከቅርጫ የበለጠ የሚያስረዳ ልማድ ያለ አይመስለንም። ጎረቤታሞች ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው ሠንጋ ይገዛሉ። በሬው ታርዶ ሲበለት ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፋፈላል፤ ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱና ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል። ከዚያም አባላቱ እያንዳንዳቸው ጠጠር ወይም ስንጥር የመሰለ ምልክት ይሰጡና፣ የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ያኖረዋል። ባለሥልጣን ነኝ ብሎ ሽንጥ መምረጥ፣ ድኻ ነው ተብሎ አጥንት መቀበል የለም። አቅሙ ያነሰውም ከሌላው ተዳብሎ ግማሽ መደብ ይወስዳል እንጂ ከቅርጫው አይወጣም።

የምግብ ቤት ገበታ ግን ይህ ዕጣ የለውም። ያለው የዋጋ ዝርዝር ነው። በበዓል ሰሞን አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ምን ያህል እንደሚጠይቅ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ስለዚህም ከባልንጀሮቹ መካከል ኪሱ የሳሳው «ዛሬ አይመቸኝም»፣ «እንግዳ ይመጣብኛል» ሲል ምክንያት ይፈጥራል። ሌሎቹም አምነውት ይሄዳሉ። የአረጋውያኑ ቅሬታ እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ማዕዱን በረከት የሚያሳጣው ዋጋ የተከፈለበት መሆኑ ሳይሆን፣ በዋጋው ምክንያት አንድ ሰው ከቤቱ መቅረቱ ነው።

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው ይህን ነገር ከራሱ ሕይወት ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት ከክፍለ ሀገር መጥቶ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ይኖር በነበረበት ጊዜ፣ ፋሲካ ደሞዙ ካለቀበት ሳምንት ላይ ዋለ። ወደ ወላጆቹ የሚሄድበት የመሣፈሪያ ገንዘብ አልነበረውም። ጾሙን እንደ ሌላው ጾሞ፣ ሌሊቱንም በቤተ ክርስቲያን አድሮ ሲመለስ በሩን ዘግቶ ተኛ። ረፋድ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባው በሩን አንኳኳ። «ተነሥ፣ ብቻዬን ልብላ እንዴ?» ከማለት በቀር ምንም አልጠየቀውም። በአንዲት አነስተኛ ምግብ ቤት ከሌሎች ሦስት ባልደረቦች ጋር ተቀመጡ። የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት የታዘዘውን ካቀረቡ በኋላ፣ ለራሳቸው ቤተሰብ ከሠሩት ዶሮ ወጥ በትንሽ ድስት ጨምረው አመጡና «ይህ የበዓል ነው፤ ሂሳብ ውስጥ አይገባም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፋሲካ አልፏል። የዚያን ቀን ግን ማን ምን ያህል እንደከፈለ ዛሬም ድረስ አላወቀም፤ አልተነገረውምም።

ጎረቤት ሲራራቅ

ይህ ጉዳይ በዛሬው ጊዜ ከወትሮው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ1990ዎቹ መገባደጃ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪዎችን ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ወስዷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳና በአካባቢው ነባር ሠፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲነሡ፣ በአንድ ግቢ በር ሲገቡ ሲወጡ የኖሩ ቤተሰቦች በየአቅጣጫው ተበታትነዋል። በቁርጥ ቤቶቿ ስሟ የታወቀው ዶሮ ማነቂያም ያን ጊዜ ከተነሡት አንዷ ናት።

አዲሱ ቤት ውኃና ንጹሕ ግድግዳ ይኖረው ይሆናል፤ የቅርጫ ጓደኛን ግን ከቁልፉ ጋር አብሮ አያስረክብም። በጋራ መኖሪያ ግቢዎች ለእርድና ለድግስ እንዲያገለግሉ ተብለው የተሠሩት የጋራ ቤቶች በበዓል ሲደምቁ ማየት የሚያስደስተውም አዲስ ጉርብትና መወለዱን ስለሚያበሥሩ ነው። ያም ሆኖ የቀድሞዎቹ ጎረቤታሞች መገናኘት ሲያምራቸው የአንዱ ቤት ለሌላው ሩቅ ይሆናል። ይህን ጊዜ ለሁሉም መንገድ ላይ የሚገኘው ምግብ ቤት የሠፈሩ አደባባይ ሆኖ ያገለግላል። በባሕር ማዶ፣ በተለይም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች በዓልን ማክበር የለመዱት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ዘመድ በሌለበት አገር በአንድ ትሪ ዙሪያ የተቀመጠ ሁሉ ዘመድ ይሆናል።

የገበታው ወግ

እንግዲህ ማዕዱ ከቤት መውጣቱ የማይቀር ከሆነ፣ ወጉን ይዞ እንዲወጣ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው። ለዚህም ጥቂት ነጥቦችን ማስታወስ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ የሂሳቡ ጉዳይ ከገበታው በፊት ይለቅ። እንደ ቅርጫው ሁሉ ከበዓሉ ቀደም ብሎ ጥቂት በጥቂት ማዋጣት፣ ወይም በየዓመቱ ተራ መግባት ይቻላል። መክፈል የማይችለው ወዳጅ በሌሎች ፊት ሳይሳቀቅ እንዲመጣ አንዱ ድርሻውን በዝምታ ይሸፍንለት።

ሁለተኛ፣ ወጥ ሠሪዋ አትረሳ። ለበዓል ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ዶሮ ስትበልት የሰነበተችው እናት ወይም እህት በማግስቱም እንግዳ ስታስተናግድ እንድትውል መተው ፍርደ ገምድልነት ነው። ማዕዱ ከቤት በሚወጣበት ቀን እርሷ በክብር ተቀምጣ ሌላው ያስተናግዳት። በዚህ ረገድ ምግብ ቤት ለቤት እመቤት ዕረፍት የሚሰጥ መልካም ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ከባልንጀሮች መካከል ሙስሊም ወዳጅ ቢኖር አባቶቻችን የሠሩት ወግ አለ። በቤት ሲሆን ለሙስሊም እንግዳ በሙስሊም እጅ የታረደ በግ ወይም ዶሮ ለብቻው ይሠራለታል። በውጭም ቢሆን እርሱ ያለ ሐሳብ የሚመገበው ነገር መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ የጋባዡ ግዴታ ነው። ቡናውን ግን ሁሉም በአንድነት ይጠጣል።

አራተኛ፣ ጤናም የበዓል አካል ነው። ለሁለት ወር ያህል ከቅቤና ከሥጋ የራቀ ሆድ በአንድ ቀን ሲጫንበት ይታወካል፤ ስለዚህ ጥቂት በጥቂት ማስለመድ ይገባል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስከትል እንደሚችል፣ በአባ ሰንጋ የታመመ እንስሳ ሥጋም ሕይወት እንደሚያሳጣ የታወቀ ነው። በባለሙያ ተመርምሮ ያለፈ ሥጋ መምረጥ፣ ከሁሉ የሚሻለውም በሚገባ የበሰለውን መብላት ነው። የጠጣም ሰው መኪና አይንዳ።

በመጨረሻም፣ ሌላው በሚዝናናበት ቀን ሰሃን ተሸክመው የሚመላለሱት አስተናጋጆች የራሳቸውን ቤተሰብ ትተው የመጡ ናቸው። «እንኳን አደረሰህ»፣ «እንኳን አደረሰሽ» የሚለው ቃል ከጉርሻቸው ይቅደም፤ ጉርሻቸውም አይቅር።

በኤማሁስ መንገድ

ስለ ማዕድና ስለ ትንሣኤ ሲነሣ ወንጌላዊው ሉቃስ የጻፈውን ማስታወስ ተገቢ ነው። በትንሣኤው ዕለት ሁለት ደቀ መዛሙርት ከኢየሩሳሌም ወደ ኤማሁስ እያዘኑ ሲሄዱ አንድ መንገደኛ ተቀላቀላቸው። ረጅም መንገድ አብሯቸው ሲነጋገር ማን እንደሆነ አላወቁትም። ቀኑ ሲመሽ ግን አልፎ እንዳይሄድ ለምነው አስቀሩት። ከማዕድ ተቀምጦ ኅብስቱን ባርኮ ሲቆርስ ነው ዓይናቸው የተከፈተውና ጌታቸው መሆኑን ያወቁት። ያን መንገደኛ «እደር» ባይሉት ኖሮ ሳያውቁት ያልፍ ነበር።

ከዚህ በላይ ለጥያቄያችን መልስ የሚሆን አይገኝም። የበዓል ማዕድ በዋርካ ሥር ይሁን በሳሎን፣ በዳስ ይሁን በምግብ ቤት፣ የሚሞላው በተጠራው ሰው ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በዚህ የኀምሳ ቀን ሰሞን ከወዳጆቻችሁ ጋር ተገናኝታችሁ ለመመገብ ስታስቡ፣ ከምግብ ቤቱ ምርጫ በፊት ስሞቹን ቍጠሩ። ከመካከላቸው በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው ካለ፣ ሄዳችሁ አንኳኩለት።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ!